በጋሽ ዲንሳ ማሳ ጥግ

ውድ አባዬ፣

ደክሞኛል። ሳምንቱን ሙሉ ከሰፈራችን ከካራ ወደ ወረዳ ቢሮ፣ ከወረዳ ቢሮ ወደ ካራ ስመላለስ እግሬ አልቋል። ቢሆንም ከሌላ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። የጋሽ ዲንሳ ማሳ ለመንገድ ተፈልጓል፤ አንተም ከተኛህበት ልትነሳ ነው።

ዕድሜህን ሙሉ በሰው ቤት ሸማ ስትሠራ ኖረህ፣ "ስሞት እንኳ ተከራይ አልሆንም" ትል ነበር። ጋሽ ዲንሳ፣ የልብ ወዳጅህ፣ ለመቃብርህ የማሳቸውን ጥግ በነጻ ሲሰጡህ እንዴት እንዳስቀየምካቸው አትረሳውም። አብርሃም እንኳ ሣራ ስትሞትበት የኬጢ ልጆች መቃብር በነጻ ቢሰጡት እምቢ ብሎ፣ በሙሉ ዋጋ፣ በሰው ፊት ገዛ አልካቸው። በነጻ የተሰጠን የልጅ ልጅ ይቀማል አልክ። እኔ ደግሞ ኦሪት ራሷ ምድር የእግዚአብሔር ናት፣ ለዘላለም አትሸጥም ትል የለ ብዬ ብከራከርህ፣ ልተኛባት እንጂ መልሼ ልሸጣት መች ፈለግሁ ብለህ አሳቅኸን። በመጨረሻ ጋሽ ዲንሳ ተሸነፉ። ዋጋው አንድ ጋቢ ይሁን ብለው በሦስት ሽማግሌ ፊት ተጨባበጣችሁ።

አሁን የምነግርህን ስድስት ዓመት ደብቄሃለሁ። ጋቢው ግማሹ ሲቀር ሞትክ። በእኛ በኦሪት ሥርዓት ሬሳ አያድርም። የሸማኔ ቤት ሆኖ ደግሞ የሠራኸው ሁሉ ተሸጦ ነበርና አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጣሁ። ጋቢውን ከሸማ ዕቃው ላይ ቆርጬ በእሱ ገነዝኩህ። የመቃብርህን ዋጋ አንተኑ አለበስኩህ። ሌላ አሠርቼ እሰጣለሁ ስል ዓመቱ ሄደ፤ እሳቸውም አልጠየቁኝ። በመቃብርህ ባለፍኩ ቁጥር አፍሬያለሁ።

ማክሰኞ በወረዳው የማሳው ርክክብ ነበር። ጋሽ ዲንሳ ሁሉንም ፈረሙና ጥግዋ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ይህቺ የእኔ አይደለችም። ሸጬያታለሁ።"

የወረዳው ባለሙያ መሬት መሸጥ በሕግ እንደማይቻል፣ የእኔ አይደለችም ካሉም ለጥግዋ ካሳ እንደማያገኙ ነገራቸው።

"ይቅርብኝ። የገዛት ሰው በወጉ ይነሳ እንጂ በዶዘር አይታረስም" አሉ።

ብዙ ተጨቃጭቀው እስከ እሑድ ቀን ተሰጠን። የዮሴፍን አጥንት ከግብፅ ተሸክመው እንደወጡት፣ ሽማግሌዎቹ አጥንትህን ይዘው ወደ ማኅበራችን መቃብር ይወስዱሃል። ከዚያስ ማንም አያስነሳህም ብዬ ልምልልህ አልችልም፤ ለመማል እንኳ ደክሞኛል።

ከወረዳው ስንወጣ አላስችል አለኝ። ጋቢውን ምን እንዳደረግኩት ነግሬ፣ ዋጋው ሳይደርስዎት ለምን ሸጫለሁ ብለው ዋሹልን አልኳቸው። ጋሽ ዲንሳ ቆም ብለው አዩኝ።

"መች ዋሸሁ? ስትገንዢው በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ጋቢው የኔ ነው። ወዳጄን ጋቢዬን አለበስኩት" አሉ።

ስለዚህ አባዬ፣ እሑድ ስናነሳህ ቀና ብለህ ውጣ። የምትወጣው ከገዛኸው መሬት ነው።

ልጅህ ሰላማዊት