አቶ ሙሴ የሚባል ሰው የለም

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ዛሬም አንድ ሰው አልመጣም። ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስውል ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሲሚንቶው በሸራ ተሸፍኗል። ዝናብ ከቀደመን ጠጥሮ ይቀራል፤ መንደሩም ክረምቱን ሙሉ ከብት የረገጠውን ውኃ ሊጠጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሰው ይቆፍር ነበር። ምን ነካቸው? ማስታወሻዬ ላይ «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩና ደስ አላለኝም።

አርብ ኃላፊዬ ከላሊበላ እንግዶች ይዞ ይመጣል። ምንጩን የሚሠራውን የበጎ ፈቃደኞች ቡድን በሥራ ላይ ሊያሳያቸው።

ማክሰኞ 18

ቤት ያከራዩኝን እትዬ ዘርፌን አጥብቄ ጠየቅኳቸው። በስንት ልመና ተናገሩ። ሰዉን ያስቀየመው ታፔላው ነው። ሐሙስ ዕለት ምንጩ ራስጌ ያስተከልኩት፣ በቀይ ቀለም ያጻፍኩት፦ «በድርጅታችን የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን። ሰብሳቢ፦ አቶ ሙሴ።»

«አቶ ሙሴ የሚባል ሰው እዚህ አገር የለም እኮ» አሉኝ።

ሙሴ ስም አይደለም። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። ዘንድሮ አያ ካሳዬ ናቸው፣ ለከርሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ሁሉም «ሙሴ» ሲላቸው ሰምቼ እኔ «አቶ» ጨመርኩበት። አራት ወር ሙሉ «አቶ ሙሴ፣ እንዴት አደሩ» ስል አንድ ሰው እንኳ አላረመኝም። ይሉኝታ ይዟቸው። ቤታቸው ገብተው ስንት ስቀው ይሆን! ከተማ ያደግሁ ነኝ፣ እናቴም ማኅበር የላትም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ።

መሳቁስ ይሁን። የከፋው ሌላ ነው። ምንጩን በየዓመቱ የሚጠርገው፣ ዙሪያውን የሚያጥረው ይኸው የማርያም ማኅበር ነው፤ ከአያቶቻቸው ጀምሮ። ሲቆፍሩልኝ የነበሩትም እነሱው ናቸው። እኔ ደግሞ «የተቋቋመ» ብዬ በቀለም አጻፍኩባቸው።

የቢሮውን ፎርም ቅጂ አወጣሁ። «በአካባቢው ቀደም ሲል የተደራጀ ቡድን አለ?» ለሚለው «የለም» ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ቀኑን አየሁት፤ የካቲት 21። ያን ዕለት እኮ ማኅበራቸው ላይ ጠርተውኝ ዳቦውን በልቼ፣ ጠላውን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ነበር የገባሁት። የሞላሁት ቤት እንደገባሁ ነው። ማንም በሌለበት ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ረቡዕ 19

አያ ካሳዬ ቤት ሄድኩ። ሞፈር ይጠርባሉ። በስማቸው ስጠራቸው ቀና ብለው ፈገግ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ያዘጋጀሁት ይቅርታ ጠፋብኝ፤ ስለ ሲሚንቶው መቀባጠር ጀመርኩ። ስለ ሲሚንቶው! አሁን ስጽፈው እንኳ ያመኛል።

አስጨረሱኝና እንዲህ አሉ፦ «የኔን ስም ተይው፣ ልጄ። አባቶቻችን የጠበቁትን ውኃ ልጆቻችን ዘንድሮ የተጀመረ ነው ብለው ሊያነቡት ነው። ይኸን ለኔ አትንገሪኝ። የማርያም ለት ለማኅበሩ ንገሪ።»

ማርያም አርብ ናት። እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን። በማርያም ደግሞ እዚህ አፈር የሚነካ የለም። ቀጠሮውን ስይዝ 21 መሆኑን ልብ አላልኩም። ምኑን ነው ታዲያ አራት ወር የኖርኩት?

ሐሙስ 20

በዓል ነው። ቀበሌው ባንዲራ ሰቅሎ ሰዉን ለስብሰባ ጠርቷል። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። ነገ ማርያም ናት፣ አይቆፈርም አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም፣ ፈራሁ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ዶማ ይያዙ፣ ለፎቶ አለኝ። «እሺ» አልኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ብቻ ወርጄ ለማንም ዶማ ያዙ አላልኩም። ይህችን እንኳ እንደ ድል ልቁጠራት።

አርብ 21

የእንግዶቹ መኪና ሽቅብ ሲያጓራ ማኅበሩ ቤት ሆኜ ሰማሁት። አልተነሳሁም። ቄሱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ሙሴው፣ አያ ካሳዬ፣ «ቁሚ» አሉኝ። ታፔላውንም፣ ፎርሙንም፣ የሞላሁበትንም ቀን ተናገርኩ። ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠየቁኝ።

«ከጽዋችን ጠጥተሽ ሄደሽ ነው የለም ያልሽን?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሙሴ ወደ ቄሱ ዞር አሉና የሰኔን ጽዋ እሷ ትውሰድ፣ ቤቷ ትደግስ አሉ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንቀበላትም የሚሉ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ የሚከራከሩት ጠላ መጥመቅ መቻል አለመቻሌን ነው።

አልችልም።

ምንጩ ጋ ስደርስ መኪናው ሄዷል።

ቅዳሜ 22

አሥራ አራት ሰው መጣ። ታፔላውን ነቅለው በጀርባው ሲሚንቶ አቦኩበት። ሥራው ካልተቋረጠ ከዝናቡ በፊት ይደርሳል። አሮጊቷ ግን በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላምታዬን አልመለሱም፤ እውነት አላቸው።

ከሰዓት መልእክት ደረሰኝ። ሰኞ ላሊበላ ቢሮ እንድቀርብ። ዕቃዬን ይዤ ይሁን ሳልይዝ አይልም። ከዚህ ካነሱኝ የሰኔን ጽዋ ማን ያወጣል? በፊታቸው ተቀብዬ ብጠፋ ከፎርሙም ይብሳል። ለእትዬ ዘርፌ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ትሄጃለሽም አትሄጂምም አላሉኝ። ለብቅል የሚሆን ገብስ ሰፍረው ሰጡኝና አነካከሩን አሳዩኝ።

ነክሬዋለሁ።