ለሚካኤል ዳቦ የገዛሁት ስንዴ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

የዛሬው የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ ማሳዬ ምንም ስላልሰጠኝ ለዳቦው የሚሆን ስንዴ አርብ ገበያ ገዛሁ። ነጋዴዋ ማዳበሪያውን ገልብጣ ሰፍታዋለች። ስንዴው ከየት እንደመጣ ብጠይቃት፣ «እኔ ከነጋዴ፣ እሱ ከሾፌር። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅም» አለችኝ። እኔም ተውሁት።

ቄሳችን የዘራውን ሰው ስም ሳይጠሩ ዳቦ አይባርኩም። «ማን የዘራው ነው?» አሉኝ። ከገበያ የገዛሁት መሆኑን ነገርኋቸው። እርዳታው አልቋል ተብለው ከመጠለያ የተመለሱ ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆመው ነበር። አንዲቱ አጥሩ ላይ ያሰጣሁትን ማዳበሪያ አንሥታ ገለበጠችው። የእርዳታው ምልክት ወጣ። «የእኛ ነው፣ አባ» አለች።

አሁን ጀንበር እየጠለቀች ነው። ዳቦው አልተቆረሰም። ሰዎቹም ከደጃፌ አልሄዱም።