«ሐበ» የሚለው እርሳስ

ጁላይ 11 ቀን 2009፣ ቅዳሜ

ሙቀት። ልብስ አጠብኩ። ባለቤቴ ፀሐዩ ከአሌክሳንድሪያ ሲመለስ "እርሳስ አገኘሁ" አለኝ። የቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ዞሮ ሄዶ እርሳስ... እዚሁ ሰፈራችን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በደርዘን ይሸጥ የለ?

"የሚጻፍበት አይደለም፣ ብረቱ።" የድሮ ጥይት ነው ለካ።

ከፓርኪንግ ሥራው ሌይኦፍ ተብሎ ከተቀነሰ ወዲህ ውሎው ሶፋው ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርቷል፣ ሰው "ሥራ እንዴት ነው?" እንዳይለው። አሁን ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዞ የጋሼ ሠረቀብርሃንን ጓሮ ይቆፍራል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ አሌክሳንድሪያ ያረጀ ቤት ገዝተው ፈቀዱለት። እሱ ቆፍሮ ሲጨርስ ቲማቲም ይተክሉበታል። ማን ማንን እንደረዳ እንጃ...

ጁላይ 14

ጥይቶቹ ነጭ ነገር ለብሰዋል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ልፈትጋቸው ስል እጄን ያዘኝ።

"ነጩ እኮ ዕድሜው ነው። አዲስ እርሳስ ያብረቀርቃል፣ የቆየ ይነጣል።" ወገቡ ላይ ሦስት ቀለበት ያለው ጥይት ከአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ ድቡልቡሉ ከዚያም ይቀድማል አለ።

የኔን ሽበት ግን ቀለም ቀቢው ይላል።

ጁላይ 25፣ ቅዳሜ

ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። መዳፉ ላይ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል እርሳስ። "አንብቢ" አለኝ። አነበብኩ። ሐ። በ። ከዚያ በኋላ ባዶ።

"ሐበሻ ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል?" አለ።

ሁለት ቀዳዳ አላት፣ የማተብ ማስገቢያ ነው አለ። ነጩን አይቶ መቶ ሃምሳ ዓመት ሰጣት። ስለዚህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሐበሻ ነበር። ምን ሊሠራ መጣ? የመኖሪያ ወረቀትስ ነበረው?

ለማንም አትናገሪ አለኝ። ለጓደኛዬ ለአጸደ ብቻ ነገርኩ።

ኦገስት 2፣ እሑድ

የሮክቪል ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። የውድብሪጅም። ጋሼ ሠረቀብርሃን ኮል አደረጉ። "የኔ ልጅ፣ ጓሮዬ ታሪክ ወጣበት። ለእንቁጣጣሽ ፕሮግራም ባለቤትሽ ያስረዳን።"

ፀሐዩ ሱፉን ላውንደሪ ሰጠ። ዛሬ አብሮኝ አስቀደሰ። ስለ ሥራ የጠየቀው የለም፣ ሁሉም ስለ ሐበሻው ነው። ከበውት ሲያወራ ከሩቅ አየሁት... ሳቀ። ከመቼ ወዲህ?

ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ

ልጃችን ኤፍራታ ከኮሌጅ መጣች። ፊደል ተማሪ እያልኩ ስንት ዓመት የለመንኳት። እርሳሷን አንስታ፣ "ዋት ኢዝ ዩ ደብልዩ?"

"ምኑ?"

"ዩ። ደብልዩ። ማሚ፣ ዩ ጋይዝ አር ሆልዲንግ ኢት አፕሳይድ ዳውን።"

ገለበጥኳት። ዩ። ደብልዩ። መለስኳት። ሐ። በ። ደግሜ ገለበጥኳት...

ኮምፒውተር ላይ ፈለገች። ድሮ የዱቄት ከረጢት አፍ የሚታሸግበት የእርሳስ ማኅተም ነው አለችኝ። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሲባጎ የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ። ማተብ ያልነው ሲባጎ ነበር።

ፀሐዩ መታጠቢያ ቤት ቆሞ ንግግሩን ይለማመዳል። ነገ ነው። ብነግረው ተመልሶ ሶፋው ላይ ነው። ባልነግረውስ? አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ይጠፋል?

ሴፕቴምበር 13፣ እሑድ

መኪና ውስጥ ነገርኩት። ቀስ ብዬ ልጀምር ነበር ሐሳቤ።

"ተገልብጧል" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሐበሻው።"

ሁሉንም ነገርኩት። ከአውራ ጎዳናው የምንወጣበትን ኤግዚት አለፈ። የሚቀጥለውንም።

"ለስንት ሰው ተናገርሽ?"

"ለአጸደ ብቻ።"

"ከተማው በሙሉ ሰምቷላ።"

አሞታል ልበልልህ፣ እንመለስ አልኩት። ዞሮ ወደ አዳራሹ ነዳ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ያዘ፣ እርሳሷን ከፍ አደረገ። "እንዲህ ስትያዝ ሐበሻ ናት።" ገለበጣት። "እንዲህ ስትያዝ የዱቄት ከረጢት ማሸጊያ ናት። እኔ ዘቅዝቄ ነው የያዝኳት። ያየችው ልጄ ናት፣ ፊደል ስለማትችል።"

ጫማዬን አየሁ።

ከፊት ወንበር ጋሼ ሠረቀብርሃን፣ "ዱቄቱን ማን በላው?" አሉ።

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ሐበሻ አለመሆኑን በምን አወቅህ?"

ቀድሞ የሳቀው ፀሐዩ ነው። ከዚያ አዳራሹ። እርሳሷ ከእጅ እጅ ዞረች፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይገለብጣታል። አጸደ ሁለቴ።

ሴፕቴምበር 26፣ ቅዳሜ

አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮው። እኔም ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰው አብሮን መጣ፣ ጋሼ ቲማቲሙን እንዳንረግጥ ይጠብቃሉ። መሣሪያው ጮኸ፣ ፀሐዩ ተንበረከከ። ከመጡት አንዱ ወልደአምላክ ነው፣ ሰሞኑን ከሌላ ስቴት የተመለሰ፣ ወሬ ያልደረሰው።

"እሺ ፀሐዩ፣ ሥራ እንዴት ነው?"

ወደ ቲማቲሙ ዞርኩ። ሌሎቹም ወደ መሬት አዩ።

"የለኝም" አለ ፀሐዩ፣ ቀና ሳይል። "ያቺን አካፋ አቀብለኝ።"

አቀበለው።