ከአባባ ባትሪ የወሰድኩት አንድ ሰዓት

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ዛሬ በሰዓት ያዝኩት። ላፕቶፑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ከባድ ሥራ እየሠራ የቆየው ይህችን ያህል ብቻ ነው። ቢሮ ሲሰጡኝ "ይሄ እንደ ሌላው ላፕቶፕ እንዳይመስልሽ፣ ጉልበተኛ ነው" ብለውኝ ነበር። ጉልበቱማ አለው። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል። መብራት ሲጠፋ ግን ጉልበቱ አብሮ ይጠፋል። መብራት ደግሞ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአንድ ክሊኒክ ሥዕል ቢሮ መድረስ አለበት። ሥራዬ ገና ያልተገነባ ሕንፃ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ሠርቶ ማሳየት ነው። ቢሮው ሰንጋ ተራ ነው፤ አለቃዬ አባባን እያስታመምኩ ቤት እንድሠራ ፈቅዶልኛል። "ግን ሥራው እንዳይዘገይ" ብሏል። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።

አባባ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ዱቄቱ ሳንባው ውስጥ ቀረ። አሁን በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሰው። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ስለማይችል ዘንድሮ የልደታን በዓል በመስኮት ነው ያሳለፈው።

ለመብራት መጥፋቱ ሚኒባስ ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ደረጄ የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለሶኬት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል። ሙሉ ከሆነ የአባባን ማሽን ሁለት ሰዓት ያህል ያሠራል። "ለአባባ ብቻ ነው። ስልክ እንኳን እንዳትሰኪበት" ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ትንሽ ድል። የስክሪኑን ብርሃን አደበዘዝኩ። ዋይፋይ አጠፋሁ። ትልቁን የግራፊክስ ካርድ ዘግቼ በትንሹ ሠራሁ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ቆየልኝ!

የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋንም ጸጥ አለ። አባባ ወዲያው ነቃበት።

"ምን ሆነ ማሽንሽ? ታመመ እንዴ?"

"ኃይል እየቆጠበ ነው አባባ።"

"አሃ፣ ጭነት ቀንሰሽለታል" አለና ዓይኑን ጨፈነ። ድሮ የወፍጮውን ድንጋይ መውቀር የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ከደጅ ቆሞ በድምፁ ብቻ ይለይ ነበር።

ግን ድሉ መስመር ለማስመር ብቻ ነው የሚሆነው። የመጨረሻውን ምስል ከነብርሃኑ ከነጥላው ማውጣት ሌላ ነገር ነው። በባትሪ ሲሆን ላፕቶፑ ኃይሉን ይገድባል፣ አዝጋሚ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀው አምስት ሰዓት ይፈጃል። አምስት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ደግሞ የለኝም። የግድ መሰካት አለበት።

ነገ መብራት ከዋለ እጨርሳለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

አልዋለም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ የለም።

አባባ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በባትሪው ተነፈሰ። ደህና ሲሆን ለጥቂት ሰዓታት ያለ ማሽን እንዲቆይ ሐኪሙ ፈቅዷል። ስምንት ሰዓት ላይ ትራስ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ማሽኑ ጠፍቷል። ኢንቨርተሩ ላይ ያለው መብራት ገና አረንጓዴ ነው።

ላፕቶፑን ሰካሁበት።

ፋኑ ተነሥቶ ጮኸ። እንዳይቀሰቅሰው ብዬ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ፣ ገመዱን በስንጥቁ አሳልፌ ሳሎን ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ሰዓቱን እየቆጠርኩ ነበር። መብራት እስከ ማታ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ይመጣል እያልኩ።

ምስሉ ወጣ። በስልኬ ኢንተርኔት ላኩት። ክሊኒኩ ያምራል፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ደጁ ላይ ዛፍ አድርጌበታለሁ። አለቃዬ "በጣም ቆንጆ ነው" ብሎ ጻፈልኝ።

አሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። መብራት አልመጣም። የኢንቨርተሩ መብራት ወደ ብርቱካናማ ተለውጧል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ። ካልጻፍኩት አልችልም።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባባ ነቅቶ "ማሽኑን አብሪልኝ" አለ። አበራሁለት። ሃያ ደቂቃ ሠራና ጮኾ ጠፋ። ከንፈሩ ጠቆረ። ጣቶቼን ይዞ ይጨምቃል፣ ቃል አይወጣውም። ደጅ ወጥቼ ጮኽኩ። አራት ጎረቤቶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አራት ፎቅ አወረዱት። እየወረድን ጋቢው ከእግሩ ሥር እየተጎተተ ነበር፤ እኔ የማስበው እሱ እንዳያደናቅፋቸው ብቻ ነበር። በስልክ የጠራሁት ደረጄ ታክሲውን ይዞ ልደታ ማርያም ጋ አገኘን።

ኦክስጅን ሰጡት። ቀለሙ ተመለሰ። ዶክተሯ "ሳንባው በጣም ደክሟል፣ ተዘጋጁ" አለች። ያችን ሰዓት ባልወስድበት ኖሮስ ብዬ ልጠይቃት ተከትያት ነበር። ዞር ብላ "ምን ልርዳሽ?" ስትለኝ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኩ።

መብራቱ የመጣው እኛ ከወጣን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው አሉኝ ጎረቤቶች።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ደረጄ ምግብ ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ አባባ በእጁ ጠራኝ። ጭምብሉን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

"ጨረስሽ?"

"ምኑን አባባ?"

"ሥራሽን ነዋ።"

"ጨርሻለሁ።"

"ሰምቼዋለሁ። ረቡዕ ዕለት።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "መብራት ሳይኖር ማሽንሽ እንደዚያ ሲጮህ... ከየት እየበላ እንደሆነ አውቄአለሁ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልጠራኸኝም?"

"ትጨርስ ብዬ ነዋ። እኔም እንዳንቺው መብራቱ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።"

እጁን ስሜ አለቀስኩ። ፀጉሬን በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አደረገኝ፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረውም።

"ለደረጄ እንዳትነግሪው" አለኝ። "እሱ ቁጡ ነው። ትጣላላችሁ።"

ጭምብሉን መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

አባባ ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ደረጄ ቀኝ እጁን፣ እኔ ግራ እጁን ይዘን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ድንኳኑ ፈረሰ። የእድሩ ሰዎች ወንበሮቹን ቆጥረው ወሰዱ። ቤቱ ውስጥ ደረጄና እኔ ቀረን።

ባትሪውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣውና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አዲስ ነው ብሎ አሮጌ ነው የሸጠልኝ" አለ። "ሁለት ሰዓት ይይዛል ያልኩት ሃያ ደቂቃ! አስፈትሼ መግዛት ነበረብኝ። ቸኮልኩ። ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ስጨቃጨቅ ሊመሽብኝ ሆነና ዝም ብዬ ተቀበልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ከልጅነታችን ጀምሮ ደረጄ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ለቅሶ ላይ እንኳን ሰው ሲያስተናግድ ነበር የዋለው። አሁን ግንባሩን ባትሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

አባባ አትንገሪው ብሎኛል። ግን አባባ ይህን አላየም።

"ባትሪው ምንም አልሆነም" አልኩት። "እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ሰክቼበት ነበር። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነሣ፣ የታክሲውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ ወጣ። የጫማው ድምፅ አራቱንም ፎቅ ሲወርድ ሰማሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ለደረጄ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሣም።

አለቃዬ ቢሮ መቼ እንደምገባ ጠየቀ። ክሊኒኩን የሚያሠሩት ሰዎች ሥዕሉን ወደውታል አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ላፕቶፑን ከቦርሳው አላወጣሁትም።

የአባባን ልብሶች አጣጠፍኩ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ ኮት። ኮቱን ለማን እንደምሰጥ አላወቅኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደረጄ ነው። ድምፁ ተዘግቷል፤ ከኋላው ረዳቱ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል።

"በልተሻል?" አለኝ።

"አልበላሁም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

የአባባን ኮት መልሼ አጣጠፍኩት።

"ይህችን አንድ ዙር አድርሼ እመጣለሁ" አለ። ከዚያ "በሩን ክፍት አድርጊው" አለኝና ዘጋው።

ምን ሊለኝ እንደሚመጣ አላውቅም። ከፍቼዋለሁ። ሻይ ጥጄ እየጠበቅኩት ነው።