በየት አገር ዘጠኝ ሰዓት?

አያ አምሐ፣ እግዚአብሔር ባለህበት ያሙቅህ። ጋቢህን ትተህ ስለሄድክ እማዬ ብርዱን ትፈራልሃለች። አርባህ ሁዳዴ ጾም ሳይገባ ሸጋ ሆኖ ወጣ። እህታችን ዝማሬ ግን ወደ ቶሮንቶ የተመለሰችው ጾሙ ገብቶ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

«ከአዲስ አበባ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ትበራለች» ስላት፣ እማዬ «ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ እህል ሳትቀምስ እኔም አልቀምስም» አለች።

አባባ፣ መሪጌታ አይደሉ፣ «በየት አገር ዘጠኝ?» አሉ።

«በሰማዩ ነዋ!»

«ሰማይ ሰዓት የለውም፣ አንቺ ሴትዮ!»

የቶሮንቶ ዘጠኝ ሰዓት ለእኛ ከምሽቱ አምስት ነው። አንተ ከሞትክ ወዲህ እማዬ በወጉ አልበላችም፤ እስከዚያ ከጠበቀች ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ያለውን የምታሰላው አንተ ነበርክ። እኔ የፊዚክስ ደብተሬን ገልጬ «የሚቆጠረው በተነሣችበት አገር ነው» ብዬ ፈረድኩ። በላች። ዋሽቼ ከሆነ አንተ እዚያው ቅርብ ነህና አስታርቀኝ።

ለለቅሶህ መጥተው አልጋህ ላይ ይተኙ የነበሩት አጎታችን ትናንት ወደ እንፍራንዝ ስለተመለሱ፣ ዛሬ በክፍላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ሂሳቡን ላረጋግጥ ብዬ ሳላስበው አንተ ጋ ደወልኩ። ስልክህን እማዬ ከማድቤት አነሣችው።

«ምነው፣ ሂሳቡ ተሳሳተ እንዴ?» አለች።

«ኧረ ልክ ነው» አልኳትና አልጋህን አነጠፍኩ።