ቤት ቁጥር 614 በአንድ ቀን በሆስፒታልም በስብሰባም ስለ መገኘቱ

ጥቅምት 24 ቀን 1981 ዓ.ም.
መካኒሳ አቦ

ለተከበሩ ጓድ ሮበሌ ነገሪ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የሚስማማዎ፣ በተለይም ሽንትዎ ያለ ጭንቅ የሚወርድልዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት እንደ ነውር እንዳይቆጥሩብኝ፤ እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ትልቅ ጸጋ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እኔ በቤት ቁጥር 614 ነዋሪ የሆንኩ ሁንዴሳ ቀጄላ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ የራሴን መጻፍ የጀመርኩት ግን ገና ዘንድሮ ነው። ለሰው ስጽፍ አንድ ቃል አልሰርዝም ነበርና፣ ዛሬ ስርዝ ድልዝ ለበዛበት ጽሑፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመስጠት ፈንታ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ስለ ጠፉ፣ አራተኛውንም ሲያፈላልጉ ውድ ጊዜዎ እንዳይባክን አስቤ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ ነሐሴ 18 ቀን እርስዎ ራስዎ ባተሙልኝ የነፃ ሕክምና ወረቀት ሆስፒታል ገብቼ፣ ከፊኛዬ ውስጥ ዕጢ በኦፕራሲዮን ወጥቶልኝ፣ ዘጠኝ ቀን ተኝቼ ወጥቻለሁ። ዕጢው መልሶ የመብቀል ጠባይ ስላለው ሐኪሙ በየሦስት ወሩ በመሣሪያ ሊያየኝ እንደሚገባና ቀጠሮ ባሳልፍ የሚጠብቀኝን ሳይደብቅ ነግሮኛል። ቀጠሮዬ ኅዳር 20 ቀን ነው። ያለ አዲስ ወረቀት የሆስፒታሉን በር አላልፍም፤ ወረቀቱም ያለ እርስዎ ማኅተም ዋጋ የለውም። ማኅተሙን የከለከሉኝ፣ ነሐሴ 22 ቀን በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ መገኘቴ በመዝገብ ስለ ተረጋገጠ፣ የነሐሴውን ወረቀት ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቷል በማለት ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ በስብሰባችን ሰው በስሙ ሳይሆን በቤት ቁጥሩ እንደሚጠራ ይታወቃል። በዚያ ቀን እኔ ቱቦ ገብቶልኝ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣ እዚህ 614 ሲባል አንድ ድምፅ «አለ» ብሎ መልሷል። የማን ድምፅ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሊነግረኝ የመጣ ሰው ቢኖርም ጆሮ አልሰጠሁትም። ጎረቤቴን ወይዘሮ ቀመሪያን እንዳይጠረጥሩብኝ ግን፣ እሷ በዚያች ሰዓት ቤቴ ሆና አልጋ ላይ የዋለች ባለቤቴን ታገላብጥልኝ እንደነበር በዚሁ አስታውቃለሁ። በሰፈራችን እድር የታመመ ሰው ስሙ ሲጠራ ጎረቤቱ «አለ» ይልለታል፤ ታማሚ ቀረ ተብሎ ከመዝገብ አይሰረዝም። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ይህን ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። ያ ደግ ሰው እድሩና ቀበሌው የታመመን ሰው በአንድ ዓይን የሚያዩ መስሎት ተሳሳተ። ስሕተቱ ከባድ መሆኑን አልክድም። ይመርመር ከተባለ ግን፣ ከሆስፒታል አልጋዬ ላይ ሆኜ የጮኽኩት እኔው ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።

2ኛ/ ጉዳዩን እንዲያጣሩ ሦስት የኮሚቴ አባላት ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ባለቤቴ አማከለች ከታመመች ወዲህ ከቀበሌው የመጣ ጠያቂ አይታ አታውቅምና። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላትና አንደበቷ ከተያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። የተከበረው ኮሚቴ ራስጌዋ ቆሞ፣ ባልሽ በነሐሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር ወይስ አልነበረም ሲል ሦስት ጊዜ ጠየቃት። እሷ በግራ እጇ እጄን ይዛ አለቀሰች። በሪፖርቱ የሰፈረው ቃል «የተጠርጣሪው ባለቤት ለማስረዳት ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚል ነው። አንቱ መባሏን ሳላደንቅ አላልፍም።

3ኛ/ መስከረም 22 ቀን፣ ከእንግዲህ አንድ ስብሰባ ብቀር ማኅተሙን እንዳልጠብቅ ስለ ተነገረኝ፣ ባለቤቴን ለቀመሪያ አደራ ሰጥቼ መጣሁ። ገና ያልዳነ ፊኛ ሩብ ሰዓት አይታገሥም። በር ጠባቂው አጀንዳው ሳያልቅ መውጣት ክልክል ነው ብሎ መለሰኝ። ሦስት ጊዜ እጄን ባነሣ፣ እርስዎ ሐሳብ ለመስጠት የጓጓሁ መስሎዎት ተራዬን እንድጠብቅ አሳሰቡኝ። ጠበቅሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ ልጆቼ ሊሆኑ በሚችሉ ሰዎች ፊት፣ ሱሪዬ ረጠበ። በጣም አፈርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቃል ስመርጥ ኖሬ ለዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። የቀመሪያ ባል ሙሄ ኮቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝና እንዳላየ ሆኖ ወደ ፊት ማየቱን ቀጠለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ተሰብሳቢው እስከ መጨረሻው በጽናት ተሳትፏል» ተብሎ መጻፉን አንብቤ፣ ስላልረሱኝ አመስግኛለሁ።

4ኛ/ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳላነሣ አስጠንቅቆኛል። አማከለች ከስታለች፤ እንደ ድሮዋ አትከብድም፤ ሆኖም በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ካልተገላበጠች ገላዋ ይቆስላል። ቀመሪያ ስትችል ትደርስልኛለች፣ ሳትችል እኔው አነሣታለሁ፣ ከዚያም ወደ ጓሮ ወጥቼ ሽንቴ ቀልቶ እንደሆነ አያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ቀልቶ ነበር። ስመለስ ዓይኗ ፊቴ ላይ ስለሚያርፍ፣ በር ላይ ቆሜ ፊቴን አስተካክዬ መግባት ተለማምጃለሁ። ሞትን አልፈራም ብዬ በሕዝብ ሰሌዳ ላይ አልዋሽም፤ እፈራለሁ። ከእሷ ቀድሜ መሄዱን ደግሞ ከሞቱም አብልጬ እፈራዋለሁ፤ ቀመሪያም የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጆች አሏት።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ። ወደ ልመናዬ ልግባ።

ቀበሌያችን በነሐሴው ስብሰባ አንድም ቤት ስላልጎደለበት ከከፍተኛው ቀበሌዎች ሁሉ አንደኛ ወጥቶ የተሸለመው የግድግዳ ሰዓት ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሎ ለባለጉዳይ ሁሉ ይታያል። መልካም ሰዓት ነው፤ ሥሩ ተቀምጬ ብዙ ጠብቄአለሁ። እንግዲህ እርስዎ ዘንድ ሁለት ወረቀቶች አሉ። የሆስፒታሉ እውነት ከሆነ እኔ በዚያ ቀን ስብሰባ አልነበርኩም፤ አንድ ቤት ጎድሏል፤ ሰዓቱም የእኛ አይደለም። የእርስዎ መዝገብ እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ቱቦው የገባልኝ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነውና፣ ከስድስት መቶ በላይ ቤት አንድ ያየ ሰው መኖር አለበት። እኔ ሰዓቱ ይውረድ አልልም፤ ሰዓት ያለበት ቀበሌ ነዋሪ መሆን ያኮራኛል። የምለምነው አንድ ክብ ማኅተም ብቻ ነው። በሙያዬ ልማድ ከፊርማዬ በታች «ግልባጭ» የሚለውን ጽፌ ቦታውን ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ፤ ሰዓቱን የሸለመንን የከፍተኛውን ጽሕፈት ቤት ስም እስከ ኅዳር 19 ቀን ድረስ አልሞላበትም።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ሰዓትዎ ሳይዛነፍ እንዲቆጥርልዎ፣ በረጅም ስብሰባ መካከልም ቁልፍ የያዘው በር ጠባቂ እንዲራራልዎ እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ መሠረት ፍጹም ጤነኛ የሆንኩት ታዛዥዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሁንዴሳ ቀጄላ
ቤት ቁጥር 614
ግልባጭ፦ ..............................

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በ1977 ዓ.ም. ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ሞልቱ አራት ወር ተኝተው ሳለ፣ በእድራችን ስማቸው በተጠራ ቁጥር «አሉ» ብላ የምትመልስላቸው አንዲት ሴት ነበረች። በዚህም ስማቸው ሳይሰረዝ በወግ በማዕረግ ተቀበሩ፤ እርስዎም ከቀብር ሲመለሱ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀዎት። ያቺ ሴት አማከለች ናት፤ «አሉ» ትል የነበረውም፣ ዛሬ ለማስረዳት ፈቃደኛ አልሆነም ብለው በጻፉበት በዚያው አንደበቷ ነው።