በመስታወት ስለዳነው የላንቬዶክ መስቀል ድንጋይ

ይድረስ ለተከበረው የአውራጃችን የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ፤

በዌልስ ኮረብቶች ሥር ካለችው ከላንቬዶክ መንደር፣ ጤናችሁ እንደ ቢሯችሁ ማሞቂያ ሳይቋረጥ እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቁልፍ ያዥ ኢቴል ፕሮሰር ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. አባቶቻችን መስቀል የቀረጹበት ድንጋይ ከሺህ ዓመት በላይ ዝናቡንም ውርጩንም ችሎ የኖረ ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ጠብታ ሊገድለው መሆኑን ደርሳችሁበት ወደ ከተማው ሙዚየም ስለወሰዳችሁልን እናመሰግናለን። ጣሪያውን መጠገን ይቀል ነበር ብለን የምናስብ እኛ አላዋቂዎች ነን።

፪. በመስታወት ስለጋረዳችሁልንም እናመሰግናለን። ጎረቤቴ እትዬ መሬሪድ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በየእሑዱ የሚጸልዩት በመስቀሉ ላይ የተቀረጸውን ሐረግ በጣታቸው እየተከተሉ ነበር። ባለፈው ወር ሙዚየሙ ድረስ ወሰድኳቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ ቀዝቃዛ መስታወት ነካቸው። ዘበኛችሁም፣ «እማማ፣ እጅዎን ያንሱ! መንካት ክልክል ነው» አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ኢቴል፣ እውነት እሱ ነው ወይስ እያታለልከኝ ነው?» አሉኝ።

፫. ይህኛው እናንተን አይመለከትም፤ ግን ሌላ የምናገርበት ቦታ የለኝም። እትዬ መሬሪድ ሐኪም ቤት የሚውሉበትን ቀን መርጬ «ዛሬ ኑ» ያልኳችሁ እኔ ነኝ። በሩንም የከፈትኩላችሁ እኔው ነኝ። ቢኖሩ ኖሮ ድንጋዩን አቅፈው እንደማይለቁ አውቅ ነበር፤ ከባለሥልጣን ጋር መጣላትም ፈራሁ። ሲመለሱ፣ «ሳልሰማ ወሰዱት» አልኳቸው። ሲረግሟችሁ አጠገባቸው ቆሜ «አሜን» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለሌለው ሰው ፊቴን ማሳየት አፍራለሁ። ስለዚህ ከእርግማኑ የሚበዛው የእኔ ድርሻ ነውና ሁሉንም ለብቻችሁ እንዳትወስዱት በአክብሮት አሳስባለሁ።

ድንጋይን ከሰው እጅ ለማዳን ስለምታሳዩት የማይሰለች ትጋት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ከሚገባው በላይ ታዛዣችሁ የነበርኩት፣
ኢቴል ፕሮሰር

ልዘነጋው የነበረ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ለእትዬ መሬሪድ አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። «አውቃለሁ፤ ቀጥል» አሉኝ። ስጨርስ ግን እንዲህ አሉ፦ «በል ጨምርበት። ሐሙስ እንመጣለን በላቸው። መስታወቱን ከከፈቱልኝ ደግ፤ ካልከፈቱ እስኪከፍቱ ፊቱ ቁጭ እላለሁ። ወንበሩን የምትሸከመው አንተ ነህ።»